ሳያስታውቅ የሚጠብ እይታ
(ናይሮቢ ውስጥ ለስደተኛ ወገኖች በተዘጋጀ የጤና ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ዛሬ የምንናገረው ኢስሊ ውስጥ በአንድ ግቢ አብረውን ከሚኖሩ አባት ጋር ወደ ዓይን ሕክምና ስንመላለስ ያየነውንና ባለሙያዎችን ጠይቀን የተረዳነውን ነው።

እኚህ አባት በሰሌዳ ላይ ያሉትን ፊደላት እስከ ታችኛው መስመር ያነቡ ነበር። ነገር ግን የከሰል ምድጃው ያደናቅፋቸዋል፤ ከጎናቸው ቆመን ሰላም ስንላቸውም ዝም ይላሉ። «ኮሩብን» ብለን አማናቸው። ለካስ አላዩንም ነበር።

ዓይናችን ከምናተኩርበት ነገር ሌላ ዙሪያውንም ያያል። አንድ ጤነኛ ዓይን ወደ ጆሮ በኩል 90 ዲግሪ ያህል፣ ወደ አፍንጫ በኩል 60 ዲግሪ ያህል ያያል። ይህ ስፋት የእይታ መስክ ይባላል። ግላኮማ የተባለው በሽታ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ እየጎዳ መስኩን ያጠበዋል። ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ፊት ለፊት የምናይበትንም እስከ መጨረሻው ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005-2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት መሠረት፣ ዓይነ ስውር ከሆኑት 100 ሰዎች መካከል ለ5ቱ ያህል መንስኤው ይኸው ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም። ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ነው።

«እይታዬ ሲጎድል እንዴት አላውቀውም?» የሚል ይኖራል። እንሞክረው። ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፣ ከእርሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ፣ በቀኙ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ፣ ወረቀቱን ከሩቅ ቀስ በቀስ አቅርቡት። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነጥቡ ይሰወራል። ይህን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ የገለጸው ኤድሜ ማርዮት የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ነርቩ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ በመሆኑ ሁላችንም አለን። ልብ በሉ፤ ነጥቡ በጠፋበት ቦታ የምታዩት ጨለማ ሳይሆን ነጭ ወረቀት ነው። አንጎላችን ጉድለቱን ሸፈነው። በሽታ ያመጣውንም ጉድለት እንዲሁ ይሸፍነዋል። ስለዚህ መመርመር ያስፈልጋል።

ቀላሉ ምርመራ በጣት የሚደረገው ነው። ሐኪሙ 1 ሜትር ያህል ርቆ ፊት ለፊት ይቀመጥና አንድ ዓይናችንን አስሸፍኖ የእርሱን ፊት ብቻ እንድናይ ያደርጋል፤ ከዚያም በአራቱም ማዕዘን ጣቶቹን እያሳየ «ስንት ነው?» ይላል። ይህ ትልቁን ጉድለት እንጂ ትንሹን አያገኝም። ለትንሹ መሣሪያ አለ። አገጭን አስደግፎ፣ በጎድጓዳው ሳህን መካከል ያለውን ምልክት እያዩ፣ በዙሪያው ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ መጫን ነው።

አባታችን እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ፈተና መሰላቸው። ብወድቅ ጉዳዬ ይበላሻል ብለው ሰጉና ብርሃኑን በዓይናቸው ያሳድዱ፣ ሳያዩም ይጫኑ ጀመር። መሣሪያው ግን ይህንንም ይመዘግባል። ባለሙያዋ አቁማ አስረዳቻቸው፤ መሣሪያው የዓይንን አቅም ወሰን ለማግኘት ሲል በጣም ደብዛዛ ብርሃንም ያሳያል፤ ሁሉንም የሚያይ ሰው የለም። በክፍል ውስጥ የሚኮርጅ ተማሪ መምህሩን ያታልል ይሆናል፤ እዚህ የሚኮርጅ ግን የሚጎዳው የገዛ ዓይኑን ነው።

በውጤቱ ወረቀት ላይ የጠቆረው ስፍራ እይታ የደከመበት ነው። ሆኖም አንድ ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይደለም። የዓይን ቆብ ቢወርድ ላይኛው ክፍል ይጠቁራል፤ ድካምም ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ምርመራው ይደገማል። በሁለቱም ዓይን በአንድ ወገን ያለው ግማሽ ከጠቆረ ደግሞ ሐኪሙ ከዓይን አልፎ ስለ አንጎል ያስባል።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። ለአባታችን ጠብታ ታዘዘላቸው። በኋላ ቤት ስንቀይር የመጀመሪያውን ወረቀት ከአሮጌ ወረቀት ጋር ጣልነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ጥቁሩን ስፍራ እያሳየ «ይህ ቀድሞም ነበረ ወይስ አዲስ ነው?» ሲል ጠየቀ። ጠብታው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነበር። የሚመልስ ጠፋ። ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ጊዜውም ባከነ።

ስለሆነም ወገኖቻችን፣ ዕድሜያችሁ ከ40 ዓመት ካለፈ፣ በተለይም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው፣ ለካምፑ ክሊኒክ ንገሩ። የዓይን ግፊታችሁ ደህና ነው ብትባሉም መስኩን ጠይቁ፤ ግፊቱ ሳይጨምርም በሽታው ሊኖር ይችላልና። እዚህ ናይሮቢ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልና በሎሬሾ ባለው በላየንስ ሳይትፈርስት የዓይን ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ጠብታ የታዘዘላችሁም ምንም አልተሰማኝም ብላችሁ አታቋርጡ። ውጤቱን ከስደተኛ መታወቂያችሁ ጋር በአንድ ላስቲክ አኑሩት። እኛ ከቦታ ቦታ የምንንቀሳቀስ ሰዎች ነን፤ የሚቀጥለው ሐኪም የትናንቱን የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነው።

ከጎናችሁ ሰላም ብላችሁት ዝም ያለ ሰው ቢኖርም፣ ከማማታችሁ በፊት እጁን ይዛችሁ ዓይኑን እንዲመረመር ንገሩት።