በየቡ ያለ ውል ስለሚሠራው ሰው



ኮሮና በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወደየቤታችን ገባን። በማና ወረዳ ከተማ በየቡ መጋቢት ክፉ ወር ነው። የቡና ለቀማ ካበቃ ቆይቷል፣ የለቀማውም ገንዘብ ተመናምኗል። ሰው የሚያድረው በጭነት፣ በጉሊትና በሻይ ሽያጭ ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ገበያ ካልቆመ የማይገኝ እንጀራ ነው። «ከቤት አትውጡ» ሲባል ጸሐፊው ደመወዙን ይዞ ተቀመጠ፤ ባለጉሊቷስ ምን ይዛ ትቀመጥ?

መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በደንቡ አሠሪ ሠራተኛውን እንዲሁ እንዳያሰናብት ከለከለ። መልካም ነበር። ዳሩ ግን ጧት ተጠርቶ ማታ ሒሳቡን የሚቀበል ጫኝ መቼ ተቀጠረና ይሰናበታል? ማንም አላባረረውም፤ በማግስቱ የሚጠራው ጠፋ እንጂ። የዓለም የሥራ ድርጅት በዚያው ወራት መተዳደሪያቸው የተናጋባቸውን መሰሎቹን ወደ 1.6 ቢሊዮን ገምቷቸዋል።

እኛ ግን «የሥራ ገበያ» ብለን የምናጠናው ፔሮል ላይ የሰፈረውን ነው። (ጥፋቱ የመምህራኖቻችን ብቻ አይደለም።) እንግዲህ ማኅበራችን በሚመጣው ጥቅምት፣ ለቀማው ሲደርስ፣ ጥቂት አባሎች ወደ የቡ ይላክ፤ በኪሎ የሚከፈለውን ለቃሚ ማን እንደሚጠራውና ስንት እንደሚከፍለው ይመዝግቡ። የደብተሩንና የመሳፈሪያውን እኛው እናዋጣለን።