ለከፈለ እንግዳ

ከወለጋዋ ጊዳ አያና ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ነቀምቴ ደርሶም ገና 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ደክሞት አዲስ አበባ ይገባና «ዛሬስ ደህና ቦታ ልደር» ብሎ ውድ ሆቴል ይይዛል። እኔም አድርጌዋለሁ። ሙቅ ውሃ የለም፤ ሊፍቱ ቆሟል፤ ከታች የሚጮኸው ሙዚቃ እስኪነጋ አያስተኛም። ጠዋት ሂሳቡ ሲመጣ በተነገረኝ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮበታል። ታክሱ የመንግሥት ነው፣ ይከፈል። የአገልግሎቱ ግን ለየትኛው አገልግሎት ነው?

በ2007 ዓ.ም. ሆቴሎቻችን በዓለም ቱሪዝም ድርጅት እገዛ የኮከብ ደረጃ ወጥቶላቸው ነበር። መልካም ሥራ ነው፤ ቧንቧውን በየቀኑ ከፍቶ የሚያይ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል። በወለጋ ገጠር እኮ እንግዳ ሲመጣ ቡና ይፈላለታል፣ የተሻለው መኝታ ይለቀቅለታል፤ ያውም ያለ ክፍያ!

ተጓዦች፣ ሳትከፍሉ ክፍሉን እዩ፤ ዋጋው ታክሱን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። የሆቴል ባለቤቶችም፣ ውሃ ከሌለ እንግዳው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ንገሩት።