ቬስፓዋ ለምን አልነሳም አለች?

ይህን ንግግር በሬዲዮ የሰማችሁ፣ አሁን ደግሞ በዓይናችሁ ተከታተሉት። ያልሰማችሁም ከዚህ ጀምሩ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የከበዳችሁን ቃል በጣታችሁ ያዙትና ፊደል በፊደል ተናገሩት። ማንም አይቸኩልባችሁም።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የምኖረው ላምበረት ነው፤ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ። የሠፈራችንን ስም እስቲ ለሁለት ክፈሉት። ላም። በረት። በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ቃል አገኛችሁ።

በጣሊያን አገር፣ በሚላኖ ከተማ፣ ላምብራቴ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ ላምብሮ ከሚባል ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። ኢኖቼንቲ የሚባል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያ ሠፈር ሞተር ሳይክል ሠራ፤ ስሟንም ላምብሬታ አላት። ላምበረት፣ ላምብሬታ። በጆሮ ሲሰሙ ይቀራረባሉ። ዝምድና ግን የላቸውም። የአንዱ ስም ከከብት ነው፤ የሌላው ከወንዝ። በጆሮ የሚያሳስተን ነገር ሲጻፍ ይለያል። የዛሬው ንግግሬም ይኸው ነው፦ በጆሮና በግምት ስለሚያዝ ነገር፣ ተጽፎም ስለሚያዝ ነገር።

አባቴ ቬስፓ ነበረችው። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። ቬስፓ የተወለደችው ጣሊያን አገር፣ ፖንቴዴራ ከተማ፣ ፒያጆ በሚባል ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ቀደም ሲል አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ ቬስፓን ነደፈ። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ወገቧ ቀጭን፣ ኋላዋ ወፍራም፣ ድምፅዋም ጥዝዝ የሚል ነውና ስሙ ያምርባታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ያው ፋብሪካ ባለ ሦስት እግር ሠራና አፔ አለው። አፔ ማለት ንብ ነው። የህንዱ ባጃጅም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስኩተርና ባለ ሦስት እግር መሥራት የጀመረው ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ነበር። እንግዲህ በየከተማው የምንሳፈረው ባጃጅ ለቬስፓ የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ቬስፓዋን ግን እንደ ልጁ ያውቃታል። ለቤንዚኑ የሚቀላቅለውን ዘይት የሚለካው በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሷ ላይ በምስማር የተጫረ መስመር አለ። እስከ መስመሩ ሞልቶ ይጨምራል፤ አለቀ። አባቴ ሲያርፍ ቬስፓዋ ለእኔ ቀረች። ጠርሙሷ ግን ዕቃ ሲነሳ ተሰበረች።

እኔ የተማርኩት ሰው ምን አደረግሁ? በግምት ቀላቀልኩ። ጭሱ በዛብኝ። ካንዴላውን ፈትቼ ባየው ጥላሸት ለብሷል። «ዘይቱ በዝቷል» አልኩና ቀነስኩ። ጭሱ ቀነሰ፤ ደስ አለኝ። እንደገና ቀነስኩ። አንድ ቀን ከኮተቤ ወደ ላምበረት ስመጣ፣ ሞተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ቀጥ አለ። የኋላው ጎማ ታሰረ። ቬስፓዋ ተንሸራተተች፤ እኔም አስፋልት ላይ ወደቅሁ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። ሾፌሩ ፍሬን ቶሎ ባይዝ ኖሮ ይህን ዛሬ አላጫውታችሁም ነበር።

የዘይቱ መጠን በገዛሁት ዘይት ዕቃ ላይ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም። አባቴ ያውቅ ነበር፤ አልጻፈውም። እኔ መጻፍ እችል ነበር፤ በሕይወት ሳለ አልጠየቅሁትም። ስለዚህ አሁን የተማርኩትን ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዘይት

የድሮዎቹ ቬስፓና ላምብሬታ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናቸው። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ውስጥ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይገባል። ዘይቱ ካነሰ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ይያያዛል። እኔን የጣለኝ ይህ ነው።

መጠኑ በፐርሰንት ይነገራል። ምልክቱ ይህ ነው፦ %። ትርጉሙ «ከመቶ» ማለት ነው። 2% ማለት ከመቶ ሁለት እጅ ነው። አንድ ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ፦

2% ለ1 ሊትር ቤንዚን፦ 20 ሚሊ ሊትር ዘይት
2% ለ5 ሊትር ቤንዚን፦ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት
5% ለ1 ሊትር ቤንዚን፦ 50 ሚሊ ሊትር ዘይት
5% ለ5 ሊትር ቤንዚን፦ 250 ሚሊ ሊትር ዘይት

በጣም አሮጌዎቹ ቬስፓዎች ብዙዎቹ 5% ይፈልጋሉ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ከመጡት ብዙዎቹ በ2% ይሠራሉ። የእናንተ የቱ እንደሆነ በግምት አትወስኑ። የሞተሩን መመሪያ አንብቡ፤ ወይም ያችን ዓይነት ቬስፓ በደንብ የሚያውቅ መካኒክ ጠይቁ። የነገራችሁንም ጻፉት። ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን። በቡና ስኒ አትለኩ፤ ስኒ ሁሉ እኩል አይደለም። ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙና ለዚህ ሥራ ብቻ አስቀምጡት።

ትልልቆቹ ሞቶ ጉዚዎች ግን ባለ አራት ምት ናቸው። ሞቶ ጉዚ እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመ ሌላ የጣሊያን ፋብሪካ ነው። በባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱ ለብቻው ነው፤ ከቤንዚን ጋር አይቀላቀልም።

ሁለተኛ፤ አልነሳም ስትል

አልነሳም ያለች ሞተር ሦስት ጥያቄ ትጠየቃለች። ቤንዚን ደርሶሻል? እሳት አለሽ? ትንፋሽ አለሽ?

ከቤንዚኑ እንጀምር። ሰልባትዮው ውስጥ ቤንዚን አለ? መክፈቻው ተከፍቷል? የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ተደፍኖ ከሆነ ቤንዚኑ አይወርድም። ብዙ ወራት የቆመች ከሆነች ቤንዚኑ ተበላሽቷል፤ ቀዱትና አዲስ አድርጉ። በካርቡራተሩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በአየር ንፉ። ሽቦ አታስገቡ፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ቀጥሎ እሳት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፍቱ። ገመዱ ላይ መልሳችሁ ሰኩት። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ፤ ካንዴላው ከተፈታበት ቀዳዳ ግን ይራቅ። የፈሰሰ ቤንዚን በአካባቢው አይኑር። ከዚያ ማስነሻውን ርገጡ። ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ እሳት አለ። ከሌለ መጀመሪያ ሌላ ካንዴላ ሞክሩ፤ ቀጥሎ ገመዱን እዩ። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት ብዙውን ጊዜ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

መጨረሻ ትንፋሽ። ማስነሻውን በእጅ ስትጫኑት ጠንከር ብሎ ሊመልሳችሁ ይገባል። ላላ ብሎ ከወረደ ፒስተኑ ወይም በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች አርጅተው ይሆናል። ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፤ ካንዴላ ሲናገር

ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው። ሐኪም ምላስ አይቶ በሽታ እንደሚለይ፣ እኛም ካንዴላ አይተን እንለያለን። ቀለሙ እንደ ተቆላ ቡና ከሆነ ጤና ነው። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሏል፤ አቁሙና ምክንያቱን ፈልጉ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ወይም ማስነሻ ቾኩ ሳይመለስ ቀርቷል፣ ወይም ዘይቱ በእርግጥ በዝቷል።

የእኔ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። ፖንቴዴራ ለባሕር ወለል የቀረበች ቆላ ናት። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል። አየራችን ከዚያኛው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ አየር የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ፣ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል። እኔ ጥቁረቱን አይቼ ዘይቱን ከሰስኩ። ዘይቱ ግን ጥፋት አልነበረበትም። መፍትሔው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን በአነስተኛ ቁጥር መለወጥ ነበር። ቁጥሯ በላይዋ ተቀርጿል። ቁጥር የሚያነብ ሰው መካኒኩን «የቱን አወጣህ? የቱን አስገባህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። እዚያ አየሩ ይወፍራል። ለአዲስ አበባ የተቀነሰው ቤንዚን እዚያ ያንሳል፤ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ የወጣችውን ብሎን አትጣሉ። በወረቀት ጠቅልሉ፤ ቁጥሯን ጻፉበት።

አራተኛ፤ ሕይወት የሚያድኑ ነገሮች

የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው። ጎማ ስትለውጡ መጀመሪያ አየሩን በሙሉ አስተንፍሱ፤ ከዚያ ሁለቱን ግማሾች ፍቱ። አየር እንዳለው ከተፈታ ብረቱ ይፈናጠራል።

እየነዳችሁ ሞተሩ ድንገት ሲከብድ ወይም ድምፁ ሲለወጥ፣ በግራ እጃችሁ ያለውን ፍሪሲዮን ወዲያው ጭመቁ። ፍሪሲዮን ከተያዘ ጎማው አይታሰርም። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ አልወድቅም ነበር።

ቤንዚን በሃይላንድ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። በአፍም አትሳቡት። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል ወይም ሻማ ባለበት ቤት ካርቡራተር አትፍቱ። በተዘጋ ቤትም ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ እንደ ከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

የመንገዱንም ሕግ አትርሱ። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ወደ አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ፈቃዳችሁን አጣሩ።

የምታውቋቸው ቃላት

አንዳንዶቻችሁ «ስለ ሞተር ማንበብ ይከብደኛል» ትሉ ይሆናል። ቃሎቹን እኮ ታውቋቸዋላችሁ! ጎማ፣ ብሎን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ። ሁሉም ከጣሊያንኛ መጥተው በየጋራዡ አማርኛ ሆነዋል። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ፍሬቻ ደግሞ ቀስት። በአፋችሁ ያሉትን ቃላት አሁን በእጃችሁ ጻፏቸው።

የቤት ሥራ

አንድ ደብተር ግዙ። ሞተር ያለው ሰው አራት ነገር ይጻፍበት፦ ቀን፣ የገባው ቤንዚን በሊትር፣ የገባው ዘይት በሚሊ ሊትር፣ የካንዴላው ቀለም። ሞተር የሌለውም ሥራ አያጣም። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እጀ ብልህ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይጠፉም፤ መካኒክ፣ ሸማኔ፣ ጠላ ጠማቂ። አንድ መለኪያቸውን ጠይቋቸውና ጻፉ። ነገ ዛሬ አትበሉ። ጠርሙስ ይሰበራል።

ጥያቄዎች
1. ለ3 ሊትር ቤንዚን 2% ዘይት ስንት ሚሊ ሊትር ነው?
2. ካንዴላው ነጭ ከሆነ ምን ማለት ነው?
3. የቬስፓ ቸርኬ ከመፈታቱ በፊት ምን ይደረጋል?

የመጀመሪያው መልስ 60 ሚሊ ሊትር ነው። የሁለቱን መልስ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ከጽሑፉ ፈልጉ።

የአባቴ ቬስፓ ተጠግና ተነስታለች። በክዳኗ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም «2%፤ ለ5 ሊትር 100» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከእኔ በኋላ የሚነዳት ሰው አይገምትም፤ ያነባል።

በደኅና ቆዩ።