መኪናዬን ይዤ ልሂድ ወይስ ትቼው?

የዛሬው ንግግራችን ለጊዜያዊ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄዱ ወገኖች ስለሚያነሱት ጥያቄ ነው። «አንድ ዓመት ያህል አዲስ አበባ ልሠራ ነው። መኪናዬን ይዤ ልሂድ?» ይላሉ። ሐሳቡ አያስነቅፍም፤ ሰው የለመደውን መኪና ጠባዩን ያውቃል። ይሁን እንጂ መኪና ድንበር ሲሻገር ከሰው የበለጠ ወረቀት ይጠየቃል።

በመጀመሪያ መንገዱን እንመልከት። የየብሱ መንገድ በግብፅና በሱዳን ያልፋል። ሱዳን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ተነሥቷል። በባሕር ከሆነ፣ አሰብና ምጽዋን የምታስታውሱ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ኤርትራ በ1993 ነፃ ከወጣች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ ወደብ የላትም። መኪናው ጅቡቲ ላይ ይራገፍና እስከ አዲስ አበባ ገና 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ስለዚህ የመርከቡን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የወደቡን፣ የአስተላላፊውንና የየብሱን ጉዞ ወጪ፣ መመለሻውንም ጨምራችሁ አስሉ።

ሁለተኛው ኢንሹራንስ ነው። እዚህ የምንከፍለው ቢቱዋህ ሆቫ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። እዚያ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን መድን እንደገና መግዛት ግዴታ ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ቢሆን ነጂውን እንጂ መኪናውን አያሳልፍም። መኪናው በብድር ተገዝቶ ለባንክ መያዣ ከሆነ ደግሞ ያለ አበዳሪው ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይገባም።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ዋስትና ነው። ለጊዜው የገባ መኪና ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚያልፈው ተመልሶ እንዲወጣ ግዴታ ስለሚገባ ነው። ብዙ አገሮች ለዚህ ካርኔ የሚባለውን የጉምሩክ ደብተር ይቀበላሉ። ይህ ደብተር ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ በመግቢያም በመውጫም ማኅተም ይደረግበታል። የሚሰጠውም የገንዘብ መያዣ ወይም የባንክ ዋስትና ለሚያቀርብ ሰው ነው። የመውጫው ማኅተም ከጠፋ ጉምሩክ ቀረጡን ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ከመያዣው ይወሰዳል። መኪናው ቢሰረቅ ወይም ተገልብጦ ከጥቅም ውጪ ቢሆን እንኳ ጉምሩክ በማስረጃ ካላመነ በስተቀር ግዴታው አይሰረዝም።

አንዳንዱ «ካልተመቸኝ እዚያው እሸጠዋለሁ» ይላል። ይህ በር ተዘግቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥር 2024 በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የግል መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። በቤንዚን የሚሄድ መኪና ለጊዜው ገብቶ የዚያው አገር ንብረት ይሆናል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ታዲያ መኪናውን ትቶ የሚሄድ ሰው ምን ያድርግ? የጉዞው ጊዜ ረጅም ከሆነ መሸጥን ያስብበት። ካልሸጠው ከመንገድ ስለማስወጣትና የተከፈለው የፈቃድ ገንዘብ በከፊል ይመለስ እንደሆነ ሚስራድ ሃሪሹይ ይጠይቅ። ቢቱዋህ ሆቫ የሌለው መኪና እስከ ማካሌቱም ቢሆን አይነዳም። በአዲስ ገቢ የቀረጥ ቅናሽ የተገዛ መኪና ደግሞ ማን ሊነዳው እንደሚችል ሕግ አለው። ስለዚህ ቁልፉን ለወንድም ወይም ለጎረቤት ከመስጠታችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

በመጨረሻ ቃላችን ለተጓዡ ሳይሆን እዚህ ለሚቀሩት ነው። እዚህ ሐዴራ፣ በጊቫት ኦልጋም ሆነ በቤት ኤሊኤዘር፣ «አባባ፣ እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ» ሲባል እምቢ ማለት የሚያሳፍራቸው አባቶችና እናቶች አሉ። በአገራችን ዋስ መሆን የክብር ነገር ነበር፤ ነገሩ ሲበላሽም ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቅ ነበር። ባንክ ግን ሽማግሌ አይቀበልም። ተበዳሪው አዲስ አበባ ሳለ እዚህ ያለውን ዋስ ይጠይቃል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ዕብራይስጥ በሚያነብ ሰው አስነብቡ። ገንዘቡ ስንት እንደሆነና ግዴታው መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ። ተጓዡም አማቱን ወይም አጎቱን ከማስፈረሙ በፊት ይህንኑ በግልጽ ይንገራቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ዛሬ የሚጠየቅ ጥያቄ ነገ ከሚመጣ ዕዳ ያድናል።