የፈረስ ጥርስ የሚታየው በግዢ ቀን ብቻ አይደለም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ ተነግሯል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚያደርሰው ፈረስ፣ በተለይም ስለ ጥርሱ፣ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ።

የአገራችን ሰው ፈረስ ሲገዛ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ይህም ዕድሜውን ለማወቅ ነው። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን መቀየር የሚጀምረው በ2 ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በ5 ዓመቱ ቀይሮ ይጨርሳል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ያንን አፍ ዳግመኛ የሚያየው የለም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የፈረስ መንጋጋ ጥርስ እንደ ሰው ጥርስ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚቆም አይደለም። በድዱ ሥር ተቀብሮ የቆየው ክፍል በየዓመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቅ ሲል፣ ላዩ በማኘክ ብዛት ያንኑ ያህል ያልቃል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ያለ በመሆኑ፣ የላይኞቹ ጥርሶች በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል ሳያልቁ ቀርተው እንደ ስለት ይሾላሉ። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ሣር ሲግጥ የሚውል ፈረስ መንጋጋውን ወደ ጎን በሰፊው ስለሚያንቀሳቅስ ጥርሱ በተሻለ ሁኔታ እኩል ያልቃል። በከተማ ጋሪ እየጎተተ ፉርሽካና ገብስ የሚበላው ግን የሚያኝከው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይሾላል። ሆኖም ሁለቱም ከችግሩ ነፃ አይደሉም።

ምልክቶቹን ማንኛውም ባለ ፈረስ ሊያውቃቸው ይችላል። ፈረሱ ያኘከውን ድርቆሽ አድቦልቡሎ ከአፉ ይጥላል፤ ራሱን አዘንብሎ ያኝካል፤ አፉ ይሸታል፤ ልጓም ሲገባለት ይሸሻል፤ በፋንድያው ውስጥ ያልደቀቀ ገብስና ረጅም ገለባ ይታያል፤ እየበላም ይከሳል። ባለቤቱ መኖ ያነሰው መስሎት ገብስ ይጨምርለታል፤ የተጨመረውም ገብስ በፋንድያ ይወጣል። በደንብ ያልታኘከ መኖ ጉሮሮ ሊዘጋና ብርቱ የሆድ ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል። በመጨረሻም ፈረሱ «አረጀ» ተብሎ በርካሽ ይሸጣል ወይም ጎዳና ላይ ይለቀቃል።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። የሠለጠነ ባለሙያ አፉን በመክፈቻ ከፍቶ የሾለውን በጥርስ ሞረድ ያስተካክላል። ደኅና ፈረስ በዓመት 1 ጊዜ፣ ጥርስ በመቀየር ላይ ያለና ያረጀ ደግሞ በዓመት 2 ጊዜ ቢታይ መልካም ነው። በቅሎና አህያም እንዲሁ። ጥርሱን በጉጠት መስበር ግን ይሰነጥቀዋል፤ መንጋጋውን በጋለ ብረት መተኮስም ሥቃይ ከመጨመር በቀር አያድንም።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ለሃጩ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ፈረስ ሁሉ ጥርሱን የታመመ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው እጁን ወደ አፉ እንዳይሰድ፤ ፈጥኖ ለእንስሳት ሐኪም ይንገር።

በመሆኑም ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ምርት ማጓጓዝ ከመጀመሩ በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ የፈረስ አፍ ምርመራ ቀን ይወስን። ሁለተኛ፣ አባላት አዋጥተን የጥርስ ሞረድና የአፍ መክፈቻ ገዝተን በወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ እናስቀምጥ። ሦስተኛ፣ የዩኒየኑ አመራርና የወረዳ ኃላፊዎች ለክሊኒክ ባለሙያዎች የተግባር ሥልጠና እንዲሰጥ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጋር ይነጋገሩ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የአገራችን ሰው። እንዲያደርሰን መብላት አለበት፤ እንዲበላም ማኘክ አለበት።