ፈረሰኛው ሲሄድ ቤቱን የያዘው ማን ነው?

(በማኅበራችን የንባብ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ወሬያችን ስለ ካውቦይ መጻሕፍትና ፊልሞች ነው። «ይፋት ተቀምጠን የአሜሪካ ከብት ነጂ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ጥቂት ታገሡን።

የካውቦይ ዘመን የተወራለትን ያህል ረጅም አልነበረም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 እ.ኤ.አ. ካበቃ በኋላ የቴክሳስን ከብት እየነዱ በስተ ሰሜን ወዳለው ባቡር ጣቢያ ማድረስ ትልቅ ሥራ ሆነ። በ1874 እ.ኤ.አ. ግሊደን የተባለ ገበሬ ለእሾህ ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ። ሜዳው ታጠረ፣ ባቡሩም ቴክሳስ ድረስ ዘለቀ። በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ሥራው እየከሰመ ሄደ። ካውቦዩን ያሸነፈው ጠላት ሳይሆን የመንገድና የገበያ መለወጥ ነው።

ደራሲዎች ግን ያን ዘመን ሲያለቅሱለት ኖሩ። ጃክ ሼፈር በ1949 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሼን» በ1953 ፊልም ሆነ። ተኳሹ እንግዳ ገበሬዎቹን ታድጎ በፈረሱ ይሄዳል። ተመልካች የሚያስታውሰው እሱን ነው። ከባሏና ከልጇ ጋር እርሻውን ይዛ የቀረችውን ማሪያንን የሚያነሳት ጥቂት ነው።

በላሪ ማክመርትሪ «ሎንሰም ዶቭ» ውስጥ ግን ሌላ ሴት አለች። መጽሐፉ በ1985 ወጣ፣ በ1989 በቴሌቪዥን ታየ። ወንዶቹ ከቴክሳስ እስከ ሞንታና ከብት ሲነዱ ክላራ ነብራስካ ላይ ናት። ባሏን ፈረስ ረግጦት ራሱን ስቶ ተኝቷል። እሷ እሱን እያስታመመች ልጆቿን ታሳድጋለች፣ የፈረስ ንግዱንም ትመራለች። መንገደኞቹ ያልፋሉ፤ የእሷ ቤት ግን ይቆማል።

የእኛም አገር የሚያልፍ ዘመን መጽሐፍ አለው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በሬዲዮ ተሰማ፣ በኋላም በቴሌቪዥን ድራማ ሆነ። የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም ሲፈርስ እናያለን። ያ ዓለም ለሰብለ ወንጌል ምን ነበር? የአባቷ የዘር ኩራት ባል ያሳጣት ቤት ነበር። ያለፈ ሁሉ አይለቀስለትም።

አሁን ወደ ጣርማ በር እንመለስ። ድሮ ከቆላው ወደ ደጋው ዕቃ የሚወጣው በአህያና በበቅሎ ነበር። የአፋር ጨው በግመል ተጭኖ ከአንኮበር ሥር ወዳለው አልዩ አምባ ገበያ ይመጣ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ ዋሻውን ከፈተ፣ የደሴ መንገድም በዚያ አለፈ። ሲራራ ነጋዴው ቀስ በቀስ ለመኪና ቦታውን ለቀቀ። ስለ ነጋዴውና ስለ በቅሎው ሲወራ እንሰማለን። ለመንገደኛው የጋገረችው፣ ጠላ የጠመቀችው፣ ማደሪያ የሰጠችው ሴት፣ እንግዳዋ መምጣት ሲያቆም ምን በላች? ይህን የጻፈ ብዙ የለም።

ጥያቄው የትናንት ብቻ አይደለም። ደብረ ሲና ላይ በመኪና መስኮት ቆሎ የሚሸጡ ሴቶች ዛሬም የሚኖሩት በመንገዱ ነው። መኪናው የማይቆምበት ቀን ቢመጣ ቤታቸውን የሚያቆመው ምንድን ነው? የቁጠባ ደብተራችን ለዚህ ነው። ከአንድ ገበያ ሌላ ሁለተኛ ሙያ እንያዝ የምንለውም ለዚህ ነው። ደጋፊዎቻችንም የምትሰጡን ብድርና ሥልጠና የሚበጀን፣ መንገዱ ሳይዞር አስቀድሞ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን እስከሚቀጥለው ስብሰባ አንዲት አሮጊት እናት ዘንድ ሄደን እንቀመጥ። «እማማ፣ ምን ይሸጡ ነበር? ለማን? ገበያው ሲቀር ምን አደረጉ?» ብለን እንጠይቅ። መጻፍ የምትችል ትጻፍ፣ የማትችል በስልኳ ትቅዳ። የፈረሰኛውን ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታል። ቤቱን የያዘችውን ግን እኛ ካልጻፍናት ማንም አይጽፋትም።