የባሕር ሙቀትና በዓይን የማይታየው ሲሳይ

በመስጊዳችን ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር ለዚህች መጽሔት የተዘጋጀ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ኢማም ስለ ባሕር ሙቀት ምን አገባው ትል ይሆናል። ከወጣቶቻችን መካከል በትምህርት ቤት የቀሰሙትን ዕውቀት ከጫማቸው ጋር በመስጊዱ በር አውልቀው የሚገቡ አሉ። ሪዝቅ ከአላህ ስለሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ኢማንን ያጎድላል ብሎ የነገራቸው ሰው አለና። ሪዝቅ ከአላህ መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ነገር ግን አላህ ለሁሉም ነገር ሰበብ አድርጎለታል፤ ገበሬው ዱዓ አድርጎ ሲያበቃ ሞፈርና ቀንበሩን ያነሳል እንጂ ተመልሶ አይተኛም። እስቲ ከሰበቦቹ አንዱን አብረን እንመልከት።

በባሕር ላይ ፋይቶፕላንክተን የተባሉ ደቃቅ፣ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይንሳፈፋሉ። አብዛኞቹ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ሆኖም እንደ ምድር ሣር ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ በዓለም ላይ በዚህ መንገድ ከሚመነጨው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ነው። እነርሱን ትንንሽ የባሕር ነፍሳት ይበላሉ፤ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን ደግሞ ሰው። ባሕር የግጦሽ መስክ ቢሆን ኖሮ ሣሩ እነርሱ ነበሩ።

አንዲቱን ሕዋስ ለብቻዋ ካየናት ሙቀት ይበጃታል። ሪቻርድ ኤፕሊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው፣ ብርሃንና ምግብ ካልጎደለ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የማደግ አቅማቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እርግጥ ለእያንዳንዱ ዝርያ ወሰን ተደርጎለታል፤ ከዚያ ካለፈ ይጎዳል፣ ይሞታል።

እንግዲያው ሞቃት ባሕር ሁሉ ለምለም መሆን ነበረበት። ነገር ግን እንዲያ አይደለም! ለማደግ ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉ ማዳበሪያዎች ያስፈልጋሉ። በባሕር ውስጥ የሞተው ሁሉ ወደ ታች ስለሚሰምጥ፣ የማዳበሪያው ጎተራ የሚገኘው ከታች በጨለማውና በቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ነው። ፀሐይ ከላይ፣ ማዳበሪያ ከታች። የላይኛው ውኃ ሲሞቅ ይቀልላል፤ እንደ ዘይት ከላይ ይንጣለልና ጎተራውን ይከድነዋል። ላዩ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲያማታው ግን እንደ ታረሰ ማሳ ይገለባበጣል።

ኦማን ውስጥ ሠርተው የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች ስለ ሰላላ ከተማ ይመሰክራሉ። ሌላው የባሕረ ሰላጤ አገር በበጋ ሲቃጠል እዚያ «ኸሪፍ» የሚሉት የጭጋግና የካፊያ ወቅት ይሆንና ኮረብታው ይለመልማል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው ብርቱ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ከሶማሊያና ከኦማን ዳርቻ ይገፋዋል፤ በምትኩም ቀዝቃዛው ውኃ ከታች ይወጣል። በሶማሊያ ጠረፍ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 20 ዲግሪ ይወርዳል። ጭጋጉን የሚያመጣው ያ ቅዝቃዜ ማዳበሪያውንም ይዞ ይመጣልና ባሕሩ በፋይቶፕላንክተን አረንጓዴ ይሆናል። ሱብሐነላህ!

ውኃው ሳይቀዘቅዝ ሲቀርስ? የፔሩን ታሪክ ተመልከት። በዚያም ጠረፍ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል፤ አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣም በብዛት ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጠመደ። በ1972 ኤል ኒኞ የተባለው ሙቀት መጣ። ስሙ በስፓኝ ቋንቋ «ሕፃኑ» ማለት ነው፤ ሙቀቱ በገና ሰሞን ይታይ ስለነበር ዓሣ አጥማጆቹ ነቢዩ ዒሳን (ዐ.ሰ.) አስበው ያወጡት ነው። ጎተራው ተከደነ፤ ፋይቶፕላንክተኑ መነመነ። በ1973 የተጠመደው ዓሣ ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ወረደ። ጥፋቱ የሙቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ያለ ልክ አጥምዶ ነበር።

ሶሐቦች በ615 ወደ ሐበሻ የተሻገሩበት ቀይ ባሕር ደግሞ ደቡቡ በበጋ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በሰሜኑ ፋይቶፕላንክተን የሚበዛው በክረምት፣ ውኃው ቀዝቅዞ ሲደባለቅ ነው። ሙቀትና ጸጥታ የሚስማማው ትሪኮዴስሚየም የሚባል ዝርያም አለ። ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ ጎተራው ቢከደንበትም ግድ የለውም። ሲበዛ ውኃውን ቀላ ያደርገዋል፤ የባሕሩ ስም ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም የሚሉ አሉ።

ይህን ሁሉ ቃል በቃል ከቁርኣን አንቀጽ ለማውጣት የሚጣደፉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አልስማማበትም። የሳይንስ አስተያየት ነገ ሊታረም ይችላል፤ የአላህ ቃል ግን አይታረምም።

የሰው ልጅ በሚያቃጥለው ነዳጅ ምክንያት ምድር ላይ ከሚከማቸው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ውቅያኖስ ይውጠዋል። ከ1997 ጀምሮ በሳተላይት የባሕርን ቀለም የለኩ ሊቃውንት፣ በሞቃቱ የዓለም ክፍል ባሕሩ በሞቀባቸው ዓመታት አረንጓዴው እንደሚቀንስ አይተዋል። ብርሃን በሚያንስበት በቀዝቃዛው ክፍል ግን ሙቀት የማደጊያውን ወቅት ሊያረዝም ይችላል።

እኛስ? የኤል ኒኞ ሙቀት የፔሩን መረብ ባዶ ማስቀረት ብቻ ሳይሆን ነፋሳትን አዛብቶ የክረምታችንን ዝናብ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአፋር፣ በወሎና በሐረርጌ ዝናብ ጠፍቶ ከብት አለቀ፤ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ግን ክረምቱ ከመግባቱ ከወራት በፊት ተለክቶ ታውቆ ነበር።